ለማሳያ የተደረገ እርቅ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያ የመርሳ ሚኒባስ እስኪሞላ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ሳለ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ ልጅ ታብሌት ይዞ ቀረበኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይኖርዎታል?» አለኝ። ጋሼ ሲለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው ፈለግሁ፤ ማንም አልነበረም። ጢሜ ገና አልሸበተም፣ ከተዳርኩም ብዙ አልቆየሁ፤ ለተማሪ ልጅ ግን ጋሼ የምባልበት ዕድሜ ደርሻለሁ ማለት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ምን ያህል እንደሚተማመን የሚያጠኑ ሰዎች እንደላኩት ነገረኝና ከታብሌቱ ላይ ማንበብ ጀመረ። ስምዎ አይጠቀስም። ተሳትፎዎ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። መመለስ የማይፈልጉትን ጥያቄ ማለፍ ይችላሉ። በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ይችላሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ካነበበ በኋላ ቀና ብሎ፣ «ከዚህ በፊት በጥናት ላይ ተሳትፈው ያውቃሉ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። ረዳቱ «መርሳ! መርሳ አንድ ሰው!» እያለ ሲጮህ ሰማሁና ይቅርታ ጠይቄው ሮጥኩ። ልጁ ከኋላዬ «ምንም አይደል ጋሼ፣ መብትዎ ነው» አለ። መስኮት ዳር ተቀምጬ መኪናው ከከተማ እስኪወጣ ድረስ ፊቴ እንደጋለ ነበር።

ሲሪንቃ ላይ ከመንገዱ ዳር የሙከራ እርሻው ይታያል። በየመደቡ ትንሽ ምልክት ተተክሎበታል፤ የማሽላው ዓይነት የተጻፈበት ነው። ሁልጊዜ ሳልፍ አየዋለሁ፤ በዚያን ቀን ግን ማሽላ ሲጠና አያፍርም ብዬ አሰብኩ። ይመዘናል፣ ይለካል፣ ሲደርስ ይታጨዳል፤ በማግስቱ ከጎረቤቱ ማሽላ ጋር በአንድ ቦይ ውሃ ዳር መገናኘት የለበትም። ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ያለውን መንገድ ስሄድ፣ ላላስበው የተውኩት ነገር ሁሉ በመስኮቱ በኩል እየገባ አጠገቤ ተቀመጠ።

የማወራው ስለ ሩቅ ዘመን አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር መጥቶ ስለሄደ ሩቅ መሰለኝ እንጂ። ስልክ ሁሉ ቁልፍ ነበረው። ባጃጅ ለመርሳ ብርቅ ነበር፤ ሕፃናት ከኋላው ይሮጡለት ነበር። ዛሬ አንድ ማንጎ በሚገዛ ብር ያኔ ባልዲ ሙሉ ተገዝቶ፣ ባልዲውን እስክንመልስ ሻጮቹ ያምኑን ነበር። እኔ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚታጠፈው ጥግ፣ በሰማያዊ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ዘፈን በሚሞሪ ካርድ እንጭናለን፣ ፎቶ ኮፒ እናነሳለን፣ ሰርግ እንቀርጻለን። ገበያ ቀን ከሐብሩ ቆላ የሚመጡ ጎረምሶች ባለ መስመር ሽርጥ አገልድመው፣ ጎፈሬያቸው ላይ ሚዶ ሰክተው ሱቁን ይሞሉት ነበር። ባትሪ ያለው፣ ሁለት ሲም የሚይዝ የቻይና ስልካቸውን ዘርግተው «አምባሰል ካለህ እሱን ሙላልኝ፤ የቀረውን የፈለግኸውን አድርግበት» ይሉኛል። ኮምፒዩተሩንም ካሜራውንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰው በሌለበት ሰዓት እያንዳንዱን ቁልፍ እየተጫንኩ ምን እንደሚለውጥ አይ ነበር። ነጭ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲቀረጽ እንዳይቃጠል፣ የጥቁር ሰው ፊት ጥላ ውስጥ እንዳይጠፋ ማድረግን ያወቅኩት እንዲህ ነው። ሰርግ ሲኖር ከሐራ እስከ ውርጌሳ ይጠሩኛል፤ ዝም ስለምል ይወዱኛል። ካሜራ የያዘ ሰው መናገር አይጠበቅበትም። ለእኔ የሚስማማ ሥራ ነበር።

እርሻችን ከከተማው ወጣ ብሎ በመርሳ ወንዝ ዳር ነው። ከአያ ይመር እርሻ ጋር አንድ ቦይ እንጋራለን፤ ውሃው በተራ ነው። ታላቅ ወንድሜ አሊና የአያ ይመር ልጅ እንድሪስ አብረው ያደጉ፣ በአንድ ሽመል የሚማቱ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ቦዩ ላይ ተገናኙ። ተራው የማን እንደነበር ዛሬም ሁለት ወሬ አለ። ሁለት ወሬ የሌለው ነገር፣ አሊ በዱላው እንድሪስን ፊቱ ላይ መትቶት የግራ ዓይኑ መጥፋቱ ነው። አሊ በዚያው ሳምንት በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር ወጣ። አባቴ ሽማግሌ አልላከም። «ልጄ ብቻውን አልተማታም» አለ፤ ከዚያም ይህችን ቃል እንደ አጥር ዙሪያውን አጠራት። ሁለቱ ቤቶች ሰላምታ አቆሙ። እናቴ ከአያ ይመር ሚስት ጋር ላለመገናኘት ገበያ የምትሄድበትን መንገድ ቀየረች፤ ረጅሙን መረጠች። ለአንድ ቦይ ጎረቤት፣ በወሎ ምድር፣ «አሰላሙ አለይኩም» መባባል መተው ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል። እኛ ቤት ምግብ ሲበላ እንኳ ድምፅ ቀነሰ።

መምህሩ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወልድያ የሚያስተምር፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነበር። የክሬም ቀለም ያለው ባለ ብዙ ኪስ ሰደርያ ይለብሳል፤ በየኪሱ እስኪርብቶ አለ። ሰው እንዴት እንደሚታረቅ ያጠናል። ሱቃችን ገብቶ የሚቀርጽ ሰው ሲፈልግ ባለቤቱ እኔን ሰጠው። አብሬው ወደ እኛ ሰፈር ስሄድ እዚያ መወለዴን እንኳ አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝማ።

ከሾላው ሥር ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጠበቁን። በመሀል ሸህ አራጋው ተቀምጠዋል። ሸህ አራጋው አበጋር ናቸው፤ እንደ አባታቸውና እንደ አያታቸው ቂም ማንሳት፣ ደም ማድረቅ የተሰጣቸው ሰው። ደም ተፈላልገው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች እሳቸው ዘንድ ገብተው በአንድ ገበታ በልተው ይወጡ ነበር።

«አባቶች፣ እርቅ ሲፈጸም በዓይኔ ባይ ደስ ይለኛል» አላቸው መምህሩ።

«ቀደም ብለህ ብትመጣ ኖሮ ሁለት ነበረን» አሉት ሸህ አራጋው። «አሁን እንግዲህ ሰዉ ሁሉ ሰላም ሆኖብሃል።»

«ከቸገረህ ፀብ እናበድርህ!» አሉ የውሃ ተራ የሚያዙት ሽማግሌ፤ ሾላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

መምህሩም ስቆ ካበቃ በኋላ ሐሳቡን አቀረበ። ለማሳያ ያህል አንድ ሰው እንደ በዳይ፣ አንድ ሰው እንደ ተበዳይ ሆኖ ሥርዓቱን ቢያሳዩት፣ ቪዲዮው ለትምህርት ይሆናል፣ ባህሉም አይጠፋም።

«ማነው በጤናው በዳይ የሚሆንልህ?» አሉ የውሃ ተራ አዛዡ። «በጨዋታ የጠራኸው ሰይጣን መንገዱን ለምዶ በእውነት ይመጣብሃል።»

ሸህ አራጋው ግን አልሳቁም። «ስማኝ ልጄ» አሉት። «ዘፈን ያለ ሰርግም ይዘፈናል። ዱአ እንደሱ አይደለም። እጄን ዘርግቼ ‹ያ ረቢ ይህን ቂም አንሳ› ብዬ ቂሙ ከሌለ፣ ማንን ላታልል ነው?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። የእንግዳ አንገት ሲደፋ ደግሞ የእኛ ሰው አይችልም። ባዶ እጁን የሄደ እንግዳ ለሰፈሩ ውርደት ነው። ሸህ አራጋው በዚክር መቁጠሪያቸው እየተጫወቱ ዙሪያቸውን በቀስታ ቃኙ። ከተቀመጡት አንዱ አያ ይመር ነበሩ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው። እንድሪስ ከግንዱ ተደግፎ ቆሟል፣ ደህናው ዓይኑ ወደ ሰዉ፣ የጠፋው ወደ ግንዱ። እኔ ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ነኝ። የሸሁ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ የካሜራው መስኮት ውስጥ አየሁት፤ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለከታሉ።

«እሺ» አሉ። «ማሳያውን እናሳይሃለን። እንድሪስ፣ በል አንተ ወንዝ ወርደህ አንድ ድንጋይ አምጣ።»

እንድሪስ ሄደ። ሆን ብለው አርቀውት ይሁን፣ ወጣት ስለሆነ ብቻ አዘውት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱ ወንዙ ውስጥ ሳለ መምህሩ ሕግ እንዳለበት ተናገረ። ቪዲዮ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ፈቃዱን መጠየቅ አለበት። ተነስቶ በተቀመጡበት ተራ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። «ፈቃደኛ ነዎት?» «ምን ይደረጋል፣ ነን!» «እርስዎስ?» «እንግዳ ጠይቆን እንቢ እንላለን?» አያ ይመር ጋ ሲደርስ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። እኔንም ጠየቀኝ፤ ነኝ አልኩ። ይህን የማስታውሰው አጠያየቁ ስላማረኝ ነው። አንድም ሰው አልዘለለም። ከነበሩት ማለቴ ነው።

«በዳይ፣ ያ ካሜራ የያዘው ልጅ ይሁን» አሉ ሸህ አራጋው። «ኑሩ፣ መሣሪያህን ለመምህርህ ስጠውና ና። ይመር፣ አንተ ተነስና እዚያ ሁን።»

ሾላው ሥር የነበረው ሳቅ በአንዴ ጠፋ። ከመምህሩ በቀር ሁሉም አውቋል። እኔም አውቄያለሁ፤ ግን ሸህ አራጋውን እንቢ ማለት የምችልበት አፍ አልነበረኝም። ለቪዲዮ ነው አልኩ በልቤ። ለቪዲዮ ነው፣ ለቪዲዮ ነው እያልኩ ለመምህሩ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫን አሳየሁትና ሄጄ ቆምኩ።

እንድሪስ ድንጋዩን ይዞ ሲመጣ በሰዉ መሀል የቆምኩት እኔ መሆኔን ያየው ያኔ ነው። ቆም አለ። አባቱን አየ፣ እኔን አየ። ድንጋዩ ግራጫ፣ በውሃ የለሰለሰ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ነበር። አመጣና በሁለት እጁ አንገቴ ላይ አሳረፈልኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ለተሸካሚው እንዳይከብደው ብዬ ቀለል ያለ ነው የመረጥኩ» አለኝ። ለማን እንደሚያመጣ አያውቅም ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እርጥብ ሳር ይዞ ይቆማል። ድንጋዩን ራሱ አያወርደውም፤ ተበዳይ ይቅር ሲል ተነስቶ ያወርድለታል። እስኪያወርድለት ድረስ ቀናም አይልም፣ አይቀመጥምም። እኔ ቆምኩ። «በል ተናገር» አሉኝ ሸሁ።

«በድለናችኋል» አልኩ። «አፉ በሉን።»

«ትንሽ ጮክ!» አለ መምህሩ ከካሜራው ጀርባ። «ድምፁ አይሰማም።»

«በድለናችኋል! አፉ በሉን!»

እኔ ያየሁት የአያ ይመርን እግር ብቻ ነው፤ አንገቴን ቀና ማድረግ አልችልማ። ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማቸው፣ አቧራ የለበሰ ጥፍራቸው፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ። እጃቸው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ክብደቱ አከርካሪዬ ድረስ ተሰማኝ። ድንጋዩን አነሱልኝና፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው፣ በቀስታ መሬት አስቀመጡት። «ለአላህ ብዬ አፉ ብያለሁ» አሉ። ሸህ አራጋው እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ቂሙን ከልባቸው አንሳ። ውሃቸውን አንድ አድርግ። የሄደውን በሰላም መልስ።» ሰዉ «አሚን! አሚን!» አለ። የሄደውን ሲሉ አሊን ነው። ይህን ማሳያ ውስጥ ማን ጨመረው?

«በጣም ግሩም ነው!» አለ መምህሩ፤ ዓይኑ እንባ አዝሏል፣ ሰውዬው ክፉ አልነበረም። «አንድ ነገር ብቻ። አያ ይመር ድንጋዩን ሲያነሱ ፊታቸው በሰው ጀርባ ተከልሏል። ያቺን ብቻ አንዴ ብንደግማት?»

አያ ይመር ገና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይቅር ያልኩትን እንዴት አድርጌ እደግመዋለሁ?» አሉት። «የነበረኝን ሰጠሁ። አሁን ይቅር የምለው በደል ከየት ላምጣ? ይደገም ካልክ፣ ይሄን ልጅ ይዘኸው ሂድና ሌላ በድላችሁኝ ኑ።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቀና ቶሎ ብሎ ጻፈው። እኔም ሳቅሁ። ድንጋዩ ስለወረደልኝ፣ ስለቀለለኝ፣ ስላለቀልኝ ሳቅሁ። ስስቅ እንድሪስን አየሁት። አልሳቀም። ሽንጡን ይዞ ድንጋዩን ያይ ነበር፤ ወደ ወንዙ ልመልሰው ወይስ ይቅር እንደሚል ሰው።

በማግስቱ ጠዋት አያ ይመር ደጃችን ላይ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ። እናቴ ወንፊቷን አስቀመጠች። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነውና አባቴም «ወአለይኩሙ ሰላም» አለ፤ ከሚጠግነው ገመድ ግን ዓይኑን አላነሳም።

«ሐሰን፣ የዛሬው ውሃ ተራ የኔ ነው። ያንተ ሽንኩርት ጠውልጓል፤ ቦዩን ወዳንተ ከፍቼዋለሁ፣ አስቀድምና አጠጣ» አሉት።

«ምን ተገኘ?»

«ልጅህ መጥቶ ታረቅን እኮ። አልነገረህም?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ማነው የላከህ?»

«ሸህ አራጋው ናቸው» አልኩ። «ለጥናት... ለማሳያ ነው።»

የአባቴ ፊት ሲጠቁር አየሁ። «ይመር፣ ልጁ የሰው ሥራ ሊሠራ ሄዶ ነው። ለቪዲዮ ነው። እኔ ሽማግሌ አልላክሁም።»

«እንዳልላክህ አውቃለሁ» አሉ አያ ይመር። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻል ነበር። «ለቪዲዮ መሆኑንም አውቃለሁ። ካሜራ አይቼ የማላውቅ መሰልኩህ? ግን ሐሰን፣ ያንተን እውነተኛውን ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ዕድሜዬ ሄደ። የመጣውን ተቀበልኩ።»

አባቴ ገመዱን ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ። በመጨረሻ «ግባና ተቀመጥ» አለ። አያ ይመር ገቡ። እናቴ ማር በጥብጣ አቀረበች፤ ግማሹን ትሪው ላይ አፈሰሰችው። ስለ ሽንኩርት ተጨዋወቱ። አባቴ «አፉ በለኝ» ይላል ብዬ በሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ፤ አላለም። በዚያን ቀንም አላለም፣ ከዚያ በኋላም አላለም። ግን እናቴ አጭሩን መንገድ መሄድ ጀመረች፤ ሁለቱ ቤቶች በዚያ ማሳያ ላይ ኖሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ አባቴ ሲሞት ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ አያ ይመር ነበሩ። አባቴ ይቅርታ ሳይጠይቅ ይቅር ተብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ዕድል የሚያስቀና የሚመስለው ሰው ይኖራል። ልጁ ሆኖ ከቃሬዛው ኋላ መሄድ ግን ሌላ ነው።

መምህሩ ጥናቱ ሲታተም አንድ ቅጂ ላከልኝ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩት፤ ጥሩ ሥራ ነው። ሾላው አለ፣ ሸህ አራጋው ያለ ስማቸው አሉ፣ «ይቅር የምለው በደል ከየት ላምጣ» የሚለውም አለ። ተበዳይ ተብለው የተጠቀሱት አያ ይመር ናቸው። ያኔ ትክክል ነው ብዬ አለፍኩት። ይህን ሁሉ መስመር በዝርዝር ያነበብኩ ሰው፣ ዓይኑ የጠፋው ሰው የት አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ቪዲዮው ሱቁ ውስጥ ነበር። ክፉው ጊዜ መጥቶ ከተማው ባዶ በሆነ ጊዜ ሱቁ ሲዘረፍ አብሮ ሄደ። ሰማያዊው ቆርቆሮ ዛሬም አለ፤ ውስጡ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል።

አሊን በስልክ «ታርቀናል» ያልኩት እኔ ነኝ። «እኔ ሳልኖር እንዴት ታረቃችሁ?» አለኝ። «በቃ ታረቅን» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ዓመታት ሙሉ ስለዚያ ነገር አልጠየቀኝም። ያለፈው አረፋ ነው የመጣው። ጢሙ ነጭ ጣል ጣል አድርጓል፣ ከዚያ አገር የለመደውን ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ከሶላት እንደተመለስን የት እንደገባ ጠፋብን። ስወጣ ከወንዙ ሲመጣ አየሁት፤ በነጩ ጀለቢያ፣ አንገቱ ላይ ጥቁር ድንጋይ ጭኖ፣ ጎንበስ ብሎ። ድንጋዩ ጭቃ ነበረውና ጭቃው በጀርባው ወርዷል። ተከትዬው ሄድኩ። ሕፃናቱም ተከተሉ።

አያ ይመር ዛሬ አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። ደጃቸው ላይ ባለው አልጋ ተቀምጠው ነበር። «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«አሊ ነኝ፣ አያ ይመር። የሐሰን ልጅ። በድያችኋለሁ፣ አፉ በሉኝ።»

«ማሻአላህ! አሊ! በሰላም ገባህ?» ደስታቸው የእውነት ነበር። «ምነው ደግሞ ድንጋይ ልጄ? ይሄ ነገር አልቆ የለም እንዴ? ወንድምህ ተሸክሞ፣ እኔ አውርጄ፣ ዱአ ተደርጎበት። ሁለቴ አይታረቁም። ጣለውና ግባ፣ ሥጋው ይቀዘቅዛል።»

አሊ አልጣለውም። የተሸከመ ራሱ እንደማያወርድ እሱም ያውቃል። ከድንጋዩ ሥር አንገቱን በግድ ወደ እኔ አዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «የኔን አፉታ አንተ በላኸው» አለኝ። ጮኾ አልተናገረም። እውነቱን ነው፤ ለእሱ የተቀመጠውን፣ እሱ ባሕር አሻግሮ ሲናፍቀው የኖረውን፣ እኔ ድምፁ አይሰማም እየተባልኩ ሁለቴ ጮኼ ወሰድኩት፣ ሲያልቅም ሳቅሁ።

እንድሪስ በዚህ መሀል ከጓሮ ወጣ። ዕርድ ላይ ስለነበር እጁን በውሃ ተለቃልቆ በሽርጡ እያደረቀ መጣ። እሱ ሰው ሲያይ በደህናው ዓይኑ ለመያዝ ራሱን በሙሉ ያዞራል። መጀመሪያ አሊን አየ፣ ከዚያ አባቱን፣ በመጨረሻ እኔን።

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

እጁን ማድረቁን ሳያቆም ቀጠለ። «ያኔ ሰዉ ሁሉ ፈቃደኛ ነህ ወይ ሲባል፣ እኔ ድንጋይ ላመጣ ወንዝ ወርጄ ነበር። ስመለስ ጥያቄው አልቋል። አባቴ አፉ አለ፤ ደግ አደረገ፣ የሱ ነው። የኔን ግን የጠየቀኝ የለም።» ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቦይ ስንጠጣ፣ በየሰርጉ ስንገናኝ፣ አባቴን አብረን ስንቀብር፣ አንድ ቀን ተናግሮት አያውቅም። እኔም አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

«እንድሪስ» አለ አሊ። «ወንድሜ፣ አፉ በለኝ።»

እንድሪስ ቀረበው። እጁን ድንጋዩ ላይ አሳርፎ መዘነው። «ከባድ ነው» አለ። «ለኑሩ ያመጣሁለት ቀላል ነበር።»

ከዚያ እጁን አነሳ። «አወርድልሃለሁ» አለው። «ወላሂ አወርድልሃለሁ። ግን ትንሽ ተሸከመው።»

በርጩማ ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አሊ እንባው አፈሩ ላይ እየተንጠባጠበ ቆመ። እኔም ባዶ ትከሻዬን ይዤ ከጎኑ ቆምኩ፤ ተቀመጥ ያለኝ አልነበረም።